የውስጥ ኪስ

የጦርነቱን መነሻ የማያውቅ ሰው በሱቄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሁሉም ያውቃል። ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሰየማሉ፣ እስከ ምሳ ዓለምን ያፈርሷታል፣ ከምሳ በኋላ መልሰው ይሠሯታል። ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጠው ግን አንዳቸውም አንዲት ቁልፍ እንኳን አስተክለውኝ አያውቁም።

ጡረተኛው መምህር “ነገሩ የወደብ ነው” ይላል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ “የለም፣ ሁለቱ መሪዎች በዚያ ግብዣ ላይ ስላልተጨባበጡ ነው” ብሎ ይከራከረዋል። ሦስተኛው፣ ዕድሜ ልኩን የኤምባሲ በር ሲከፍት ስለኖረ አምባሳደር የምንለው፣ “እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ብነግራችሁ” ብሎ ይጀምርና ምንም አይነግረንም። ዓለም አምስት ዓመት ሙሉ ሲነድ ከርሞ፣ የመንገዳችን ግማሽ የፈረሰ ጣሪያው በቆርቆሮ ቁራጭ ተለብዶ ቆሞ፣ እነዚህ ሰዎች ጎረቤት ቤት ስለተነሳ ጠብ የሚያወሩ ይመስላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ እንደሆነ አንጀቴ አርሯል።

ጨርሶ የማይናገረው ወንድሜ ነው። ከጦርነቱ በፊት እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋ ነበር። ዘምቶ ቀኝ እጁን እዚያው ትቶት ተመለሰ። አሁን ጥጉ ጋ ተቀምጦ በግራ እጁ ቁልፍ ይለያል፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። ሲጨርስ መልሶ ይደባልቀውና እንደገና ይጀምራል። ሳየው ደሜ ይፈላል፤ ግን ምን እለዋለሁ? ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰላም ይለኛል፣ ምግብ ሳቀርብለት ያመሰግነኛል፣ ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። “ምሳ ምንድነው?” እንኳን አይልም። የመጨረሻ ጥያቄውን ስለማስታውስ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እንደገና አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ብዬ የተመኘሁትን ያህል ሌላ ምንም ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ከመንግሥት ግዢ ክፍል የናሙና ኮት መጣልኝ። አብሮት የመጣው ደብዳቤ ሦስት መቶ የፖስተኛ ኮት ስፉ ይላል። ክረምቱን በሙሉ የሚያሠራን ሥራ ነው፣ ሱቁም ሥራ ካየ ሰንብቷል። ኮቱን ገልጬ፣ የውስጥ ገበሩን ዳብሼ፣ መልሼ አጣጥፌ ከጠረጴዛው ሥር ገፋሁት። ለማንም አልነገርኩም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጸሐፊ ቅጽ ታቅፋ ገባች። የጦርነቱን መነሻ የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቁሟል አሉ፤ በየሱቁ እየዞረች ሰው ትጠይቃለች። የአግዳሚው ሦስት ሰዎች ሠርግ የተጠሩ ይመስል ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ ብላ ብላ ቁጥር ሰባት ላይ ደረሰች።

“ጦርነት እንደሚመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት መቼ ነው? ከምን?”

“ከሬዲዮ፣ የታወጀ ዕለት” አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

“እንዴ!” አልኩ ከስፌት መኪናዬ ላይ ተነስቼ። “ትናንት ‘እኔማ ከአሥር ዓመት በፊት አውቄዋለሁ’ ስትባባሉ አልነበር? ወደቡስ? ግብዣውስ?”

“እሱ ትንታኔ ነው፣ ይሄ ቅጽ ነው” አለኝ መምህሩ ተቆጥቶ።

ጸሐፊዋ አንድ ሳጥን ላይ ሦስት ጊዜ ምልክት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። “እርስዎስ፣ እማማ?”

እማማ ማለቷ ራሱ አናደደኝ፤ ገና ሃምሳ አልሞላኝም። እኔም ለሰው ሁሉ እንደምለው “ከሬዲዮ” ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ጥጉ ጋ የቁልፎቹ ኮሽታ ቆመ። ወንድሜ እየሰማ ነው።

“ከኪስ” አልኳት።

“ይቅርታ?”

“ከኮት ኪስ። ሬዲዮው ከመናገሩ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር በፊት።”

ቅጹን አገላብጣ አየችው። “ኪስ የሚል ሳጥን የለኝም።”

“እንግዲያው ስሚኝ፣ ሳጥኑን በኋላ ትሠሪለታለሽ።”

ነገርኳት። ያኔም ናሙና መጥቶልን ነበር፣ የሰልፍ ኮት ተብሎ። ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ቁልፍ፣ ጌጥ በጌጥ። ከውስጥ ግን በግራ በኩል፣ ከደረት ዝቅ ብሎ፣ ስንዝር የሚሞላ ባለ ቁልፍ ኪስ ነበረው። ከኪሱ በላይ ስምና የደም ዓይነት የሚጻፍበት ነጭ ጨርቅ። ለሰልፈኛ የደም ዓይነቱ ምን ያደርግለታል? የግዢ ኃላፊውን ብጠይቀው “ለመሐረብ ነው” ብሎ ሳቀብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኪስ ሰፍቻለሁ፤ መሐረብ ቁልፍ አይቆለፍበትም። ያን ቀን አወቅኩ። አውቄም ሥራውን ተቀበልኩ።

“ወንድሜ ያኔ ባሕር ማዶ አክስታችን ዘንድ ሊሄድ ወረቀቱን ጨርሶ ነበር” አልኳት፣ ወደ ጥጉ ሳልዞር። “ኮቱን አንስቶ ‘እታለም፣ ይሄ ለምንድነው?’ አለኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ‘ለሰልፍ ነው’ አልኩት። ቆራጭ እንዳላጣ ብዬ ነው የዋሸሁት። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። መርከቡ ያለ እሱ ሄደ።”

ወንድሜ ተነሳ። በቃ፣ ወጥቶ ሊሄድ ነው አልኩ። እሱ ግን ወደ በሩ ሳይሆን ጨርቅ የምንቆርጥባቸው የወረቀት ልኮች ወደሚሰቀሉበት ምስማር ሄደ። የሱሪውን፣ የእጅጌውን፣ የኮሌታውን ልክ በግራ እጁ አንድ በአንድ አልፎ፣ ከሁሉም ሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት መዘዘና ፊቴ አስቀመጣት። የኪሱ ልክ ናት። ገለበጣት። ከጀርባዋ በዚያ በሚያምረው የቀኝ እጁ ጽሑፍ “የቁስል ፋሻ ኪስ” ይላል። ከሥሩ ቀን አለ። እኔን ከመጠየቁ አንድ ሳምንት በፊት።

“አንቺ ሰፋሽው እንጂ የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አለ። “ከአንቺ ቀድሜ አውቄዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?”

“እንድትዋሺኝ። አዲሱን መቀስ ገና መግዛቴ ነበር። ሥራው ደርቶ ነበር። መሄድ አላሰኘኝም።” ትከሻውን ሰበቀ። “ለሰልፍ ነው ስትዪኝ ደስ አለኝ።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። በሜትሬ ልገርፈውም፣ አንገቱን አቅፌ ልስመውም አማረኝ። “ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ በጥፋቴ ስንገበገብ፣ አንተ ይህን ከራሴ በላይ ምስማር ላይ ሰቅለህ ቁልፍ ትለያለህ?” ብዬ ጮህኩበት።

“አፍሬ ነው” አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ እንደ ልጅነቱ ሆነብኝ፣ ቁጣዬም መውጫ አጣ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የደበቅኩትን የፖስተኛ ኮት ጎተተው። ስገፋው አይቶኛል ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ገለጠው፣ የውስጡን ቁልፍ በአንድ እጁ ታግሎ ፈታ። እጁ ኪሱ ውስጥ እስከ አንጓው ገባ። ከኪሱ በላይ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቷል።

“እታለም፣ ይሄስ ለምንድነው?”

ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። ምነው ስለ ምሳ በጠየቀኝ!

“ለጦርነት ነው” አልኩት።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ኮቱን አጣጥፌ በመጣበት ወረቀት ጠቀለልኩትና “አልሰፋውም” አልኩ። “እኔም አልቆርጠውም” አለ ወንድሜ፣ በየትኛው እጁ ሊቆርጠው እንደነበር እንጃ።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆማለች። “ልጄ፣ ቁጥር ሰባት ላይ ጻፊው” አልኳት። “መቼ አወቁ ለሚለው የዛሬን ቀን በዪ።”

“ቅጹ እኮ የሚጠይቀው ያለፈውን ጦርነት ነው” አለች፣ ሳጥኖቹን እንደገና እየቆጠረች።

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ኧረ ሬዲዮው ምንም አላለም” አለ።