ዳማ እምቢ ያለው ወለል

ደክሞኛል። ሰው ከቀብር ወይ ከእርሻ ሲመለስ ደከመኝ ቢል ያምርበታል፤ እኔን ያደከመኝ ግን ወለል ነው።

ቤታችን እንጅባራ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ከጓሮ ባሌ ይኸነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለፈረሱና ለድንቹ ብሎ የሠራት ሰፊ የቆርቆሮ ክፍል አለች። እሱ ሲሞት ፈረሱ ዳማ ቀረልኝ። ልጄ ባምላክ ባጃጅ ገዛና እዚያው አስገባው። ሚስቱ ዋጋዬ ደግሞ የስፌት መኪናዋን በመስኮቱ በኩል ተከለች፤ ደንበኛ የምትቀበልበት ሌላ ቦታ የላትም። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ክፍል ለጎማም፣ ለክርም፣ ለኮቴም ሆነ።

በጋውን ተቻቻሉ። ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ጭቃ ሆነ። የእንጅባራን ዝናብ የማያውቅ መጥቶ ይየው። የባጃጁ ጎማ ይሰምጣል፣ የስፌት መኪናዋ እግር ይሰምጣል፣ የዳማ ኮቴ እርጥበት በልቶት መበስበስ ጀመረ።

«ወለል ይደረግለት» አለ ባምላክ። «ግንበኛ አንጠራም፤ ራሳችን እንሠራዋለን። ስልክ ላይ አይቻለሁ።»

«ስልኩ አሸዋ ይሸከማል?» አልኩት።

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይው። ወለሉ ለሦስቱም ካልሆነ አንዱ መውጣቱ ነው።»

ማን እንደሚወጣ አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገው። ባጃጁ ያበላል፣ የስፌት መኪናዋ ታበላለች፤ ዳማ ይበላል እንጂ አያበላም። እንግዳው የሚባል የዳንግላ ባለጋሪ ሊገዛው ሁለቴ መጥቶ የዳማን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አይቷል። ዳማ እኮ በጥር የፈረሰኞቹ በዓል ባሌን ይዞ ሜዳ ሲገባ እልል የሚባልለት ፈረስ ነበር። አሁን ዳንግላ ወርዶ የሰውና የጤፍ ጋሪ ሊጎትት! ለኮርቻ ያደገ አንገት ለጋሪ ሲታጠፍ ከማይ ዓይኔን አፈር ይብላው።

ወደ ኢስሃቅ ሱቅ ሄድን፤ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ገና ሳንቀመጥ ሴራሚክ አወጣ።

«ይህን ይዩልኝ እማማ። ፊትዎ ይታይበታል።»

«ፊቴን ለማየት ፈረስ ቤት አልገባም። ዳማ ይህን ከረገጠ እግሩን ሰብሮ ነው የሚያርፈው። ሌላ አምጣ።»

ተጠቅልሎ የቆመ የፕላስቲክ ምንጣፍ ዘረጋ። ዋጋዬ አበባውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ይህ ጥሩ ነው እማማ። መርፌ ቢወድቅብኝ ወዲያው አገኘዋለሁ።»

«አንቺ የምትጥይው መርፌ ነው። ዳማ የሚጥለውንስ ታውቂያለሽ? ሥር ሥሩን ገብቶ የሸተተ ዕለት ደንበኞችሽ ልብሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ።»

ባምላክ ጣውላ አለ። ጣውላ ሽንት ይጠጣል፣ ዘይት ይጠጣል፣ እኛ አገር ደግሞ ዝናብ ይጠጣል፤ ያን ያህል የሚጠጣ ነገር የትም አይደርስም አልኩት።

በመጨረሻ ኢስሃቅ ሳቁን ዋጠና «በቃ፣ ሲሚንቶ ይሁን» አለ። «ከታች ድንጋይና ጠጠር ደልድሉ። ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ አዘቅዝቁት። ብቻ አደራ፣ ሳይደርቅ ላዩን በመጥረጊያ ጫሩት። ለፈረስ ሻካራ ነው የሚሆነው።»

«ስለ ፈረስ እኔን ነው የምታስተምረው?» አልኩት። ያን ጊዜ አፌን ብይዘው ይሻለኝ ነበር።

ዳማን ከጎረቤታችን ከማናለብሽ በረት አስጠጋነውና ሥራ ጀመርን። ባምላክ ድንጋዩን ደለደለ፤ እኔና ዋጋዬ ጠጠሩን አጋዝን። ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን የሰማኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሲሚንቶው ተቦክቶ ከተነጠፈ በኋላ ባምላክ እንደተባለው በመጥረጊያ ጫረው። ከዚያ ተሳፋሪ ደወለለትና ባጃጁን አስነስቶ ወደ ጥሊሊ ነጎደ። ዋጋዬም ክር ልትገዛ ወጣች።

ብቻዬን ቀረሁና ወለሉን አየሁት። የዶሮ ጭረት! እኔ በዕድሜዬ ሻካራ ወለል ትቼ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሴት የምትታወቀው በወለሏ ነው፤ በእበት ለቅልቃ፣ በልሙጥ ድንጋይ አሽታ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ካላደረገችው ትታማለች። ነገ ማናለብሽ መጥታ «የይኸነው ሚስት እጇ ሰነፈ» ትበል? ማሻ ድንጋዬን ከጓዳ አወጣሁ። ሳንቃ ላይ ተንበርክኬ፣ ደረቁን ሲሚንቶ እየነሰነስኩ፣ ከጥግ እስከ በር አሸሁት።

ማናለብሽ ብቅ ብላ «ኧረ ይኼስ ይበላበታል!» አለች። ድካሙ ጠፋልኝ።

ባምላክ ሲመለስ ግን ራሱን ይዞ ቆመ። «እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ያንተን ጭረት አቃናሁ።»

ሲሚንቶው ይዟል፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ወለሉ እስኪጠነክር ጠብቀን ዳማን አመጣሁት። ይዘንባል። ደጃፉ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ወለሉ ሲያብረቀርቅ ውሃ መስሎታል። የፊት እግሮቹን ተክሎ አፍንጫውን ነፋ። ሳብኩት። አንድ ኮቴ አሳረፈ፣ ሸርተት አለበት፣ ወደ ኋላ ዘለለና እኔንም ጭቃ ላይ ዘረረኝ። ገለባ ጎዘጎዝንለት፤ ገለባው ራሱ ከእግሩ ሥር እየሸሸ ጥግ ላይ ተከመረ። በአዊኛ ለመንኩት፤ አማርኛ ብዙ አይሰማም። እምቢ አለ።

«እማዬ፣ ይብቃሽ» አለ ባምላክ ቀስ ብሎ። «ማናለብሽ በረቷን ለላሟ ትፈልገዋለች። በዚህ ብርድ ደጅ ካደረ ደግሞ ይሞትብሻል። ለእንግዳው ደውዬለታለሁ፤ እዚሁ ከተማ ነው።»

እንግዳው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። «አያስቡ እማማ፣ እንደ ልጄ ነው የምይዘው» አለኝ።

«ልጆችህን ጋሪ ታስጎትታቸዋለህ?»

ጭቃው ከቀሚሴ እየተንጠባጠበ ገባሁና የይኸነውን መዶሻና የድንጋይ መሮ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ ያን ያለሰለስኩትን መፈልፈል ጀመርኩ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ዋጋዬ ጮኸች።

«እኔ እስክነሳ ፈረሱን ማንም እንዳይነካው።»

ሲሚንቶ እንዲህ ክፉ ነው ብዬ አላሰብኩም። ፍንጣሪው ፊቴን ይገርፈኛል። ገና ከደጃፉ ሳልርቅ ክንዴ ዛለ፤ መዶሻው ከመሮው ይልቅ ጣቴን ይመታ ጀመር። እኔ ደግሞ ማረፍ አልቻልኩም፤ ካረፍኩ ገመዱ ዳማ አንገት ላይ ይገባል። ባምላክ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና መጥቶ መዶሻውን ከእጄ ወሰደ።

«ወዲያ በይ። በየት በኩል እንደሆነ ብቻ አሳዪኝ።»

በጣቴ አሳየሁት፤ ከበሩ እስከ ዳማ ጥግ፣ እንደ ማሳ ትልም። ዋጋዬ «በእኔ በኩል እንዳትመጡ!» እያለች ፍርስራሹን ጠረገች። እንግዳው ግድግዳውን ተደግፎ ዝናቡን ሲያይ ቆይቶ፣

«እንግዲህ ወይ ፈረሱን ስጡኝ ወይ መዶሻ ስጡኝ» አለ።

«ሌላው መዶሻ ከድንቹ ከረጢት ኋላ ነው» አልኩት።

ሲጨርሱ ዳማን ራሴ ያዝኩት። አንገቱን አስግጎ ትልሙን አሸተተ። አንዱን ኮቴ አሳረፈ፤ ያዘለት። ሁለተኛውንም። እያሸተተ፣ እየቆመ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጠራጠረ ጥጉ ድረስ ሄደና ዞሮ ቆመ። ወዲያው ሸና። ሽንቱ በትልሙ ወርዶ ወደ በሩ ሄደ።

እንግዳው ገመዱን ጠቀለለ። «በል እንግዲህ፣ በባጃጅህ እስከ መናኸሪያ አድርሰኝ» አለው ባምላክን።

እነሱ ሲወጡ ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ከዳማ እግር ሥር እንደተቀመጥኩ ማናለብሽ ከበሩ አንገቷን አስገባች።

«ውይ! ያን የመሰለ ወለል ማን እንዲህ አበላሸው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ያሳመርኩትም እኔ፣ ያበላሸሁትም እኔ። አሁን አፍሽን ተይና ነይ አንሺኝ።»