ማሽኑ ያልገባው ጥሪ

እናቷ ፊት ለፊት ልትነግራት ያልደፈረችውን ነገር ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ማሽን ነገረችው። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ የሰማውን አላወራም፤ ብቻ አልገባውም። ያልገባውን ጥሪ ግን ለሰው ያስተላልፋል፤ ያ ሰው ደግሞ ልጅቷ ራሷ ነበረች።

ቤተሰቡ ጥድፊያ ይላታል። ሰው የጀመረውን ነገር እስኪጨርስ መጠበቅ አይሆንላትም፤ ከአፉ ነጥቃ ራሷ ትጨርሰዋለች። ብዙ ጊዜም በትክክል ትጨርሰዋለች፤ ሰውን የሚያናድደው ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ውሃ መሥሪያ ቤት በስልክ አንሺነት ስትቀጠር የሰማ ዘመድ ሁሉ ሳቀ። ድምፅዋ ግን ጠባይዋን አይመስልም። የረጋ፣ ለስላሳ፣ እንቅልፍ የጠገበ ድምፅ ነው፤ ከማን እንደወረሰችው እሷም አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ ስልክ የሚመልስ ማሽን ለማስገባት ሲያስብ አለቃዋ የመረጠው ይኼንኑ ድምፅ ነው። ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ሲያስነብቧት ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በእሷ ድምፅ ያሻውን መናገር ቻለ።

ሌሎቹ ስልክ አንሺዎች ወደየክፍሉ ተበተኑ። እሷና አንድ ባልደረባዋ ቀሩ። ሥራቸው ማሽኑ ያልገባውን ጥሪ እያዳመጡ ምን እንደሆነ መለየት ሆነ፤ ቅሬታ፣ ስድብ፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ ወይም ሌላ። ስድቡ ይበዛል።

ሰፈሩም አልማራትም። ውሃ በጠፋ ቁጥር ባለሱቁ መንገድ ላይ ያስቆማታል።

"ማታ ይመጣል አላልሽኝም? በርሜሌን ከፍቼ ነው ያደርኩት።"

"እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው።"

"ድምፁ ያንቺ ነው። ማሽኑን የት አግኝቼ ልቆጣው?"

መንገዷን ትቀጥላለች። ቢያንስ ባለሱቁ የሚፈልገውን ያውቃል።

ባልደረባዋን ዘናጩ ይሉታል፤ ለጆሮ ማዳመጫው እንኳ ከሸሚዙ ጋር የሚሄድ ቀለም የሚመርጥ ሰው ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብቻውን መንፈቅፈቅ ጀመረ፤ ከዚያ የማዳመጫውን ገመድ ነቀለና ድምፁን ለክፍሉ ለቀቀው።

"ነይ ስሚ፤ አንዲት እናት ማሽንሽን ልጄ እያለች ታወራዋለች።"

"ሰላም፣ ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ጥሪው ይቀረጻል። ምን ልርዳዎት?" አለ የራሷ ድምፅ።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ" አለች እናቷ።

ጥድፊያ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

"ጥያቄዎን ይንገሩኝ።"

"ጥያቄ አይደለም። የክፍልሽ ነገር ነው። ወንድምሽ ሊያገባ ነው፤ ታውቂያለሽ። የቤት ኪራዩን አልቻለውም። እና ምን አሰብኩ፣ ያንቺን ክፍል..."

"ይቅርታ፣ አልገባኝም። የቆጣሪ ቁጥርዎን ይንገሩኝ።"

"ቆይ እንጂ፣ አታቋርጪኝ።"

ዘናጩ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። "ቁርጥ አንቺን አድርገው ነው የሠሩት። ቆይ፣ ሌላም አላት፤ በማግስቱም ደውላለች።"

ሁለተኛው ጥሪ ላይ የእናቷ ድምፅ ኮስተር ብሏል። "ስሚ፣ ቤቱ የእኔ ነው። ለማን ምን እንደምሰጥ እኔ ነኝ የማውቀው።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "አይ፣ እንዲህ አይባልም። እንደገና ልጀምር።"

ዘናጩ ሴትየዋ አእምሮዋን ስታለች ባይ ነው። ጥድፊያ ግን ገባት። እናቷ ልጆቿን ያሳደገችው ፍርድ ቤት አካባቢ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈች ነው። ባለጉዳዩን መጀመሪያ በቃል ታስለፈልፈዋለች፤ የማይሆነውን እየጣለች የሚሆነውን ታስቀራለች፤ እስክሪብቶ የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ለራሷም እንደዚያው ናት፤ ከባድ ነገር ካላት ጮክ ብላ ሳትሞክረው ከቤት አታወጣውም። መሞከሪያ ስትፈልግ የልጇ ድምፅ ያለው፣ የማይቆጣ ነገር በስልክ አገኘች። ይቀረጻል መባሉን አላመነችም፤ ዕድሜዋን በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ያሳለፈች ሴት መሥሪያ ቤት አደርጋለሁ የሚለውን ሁሉ እንደማያደርግ ታውቃለች።

"ሌላም አላት?" አለች ጥድፊያ።

"አንድ ቀርታለች።"

"እሷን እኔ ልስማት።" ገመዱን መልሳ ሰካችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ልጄ" አለች እናቷ፤ አሁን ኮስታራም ለስላሳም አይደለችም። "የወንድምሽን ነገር እንተወው። ክፍሉን ለእሱ ባልፈልገው እንኳ አንቺ ብትወጪ ይሻለኛል። ጠልቼሽ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ገና አፌን ስከፍት ትጨርሺልኛለሽ። በገዛ ቤቴ ቃል ስመርጥ እውላለሁ። ጠዋት ወጥተሽ በሩ ሲዘጋ ሬዲዮኑን አጠፋና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። እንዴት ደስ እንደሚለኝ ብታውቂ።"

"ይቅርታ፣ አልገባኝም።"

"አይገባሽም፣ አውቃለሁ።" ስልኩ ተዘጋ።

"ምን አለች?" አለ ዘናጩ።

"ምንም።"

"ምን ልበላት? ቅሬታ?"

"ሌላ በላት።"

የቀረውን ሰዓት ስድብ ስታዳምጥ ዋለች። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ወሰነች፤ እናቷ ያንን ሦስተኛውን ንግግር ፊቷ ቆማ እስክትነግራት ድረስ ከአፏ ነጥቃ አትጨርስላትም። ክፍሉ ከተሰጠ ተሰጥቷል፤ እሱን መልሶ የሚያመጣ የለም። ከዚያች ቤት የምትፈልገው አንድ ነገር፣ እውነተኛውን ምክንያት ከእናቷ አፍ መስማት ነበር።

ቤት ስትደርስ አናጺው ወንድሟ ክፍሏ ውስጥ ተንበርክኳል። አልጋዋ ከግድግዳው ተስቧል። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሜትሩን እስከ መስኮቱ ዘርግቷል።

"ምን ትለካለህ?"

"ቁም ሳጥናችን ይገባ እንደሆነ ነው..." ቀና አለ። "እማዬ አልነገረችሽም?"

"ምኑን?"

"እማዬ፣ ነይ እስቲ። ጉድ ሠራሽኝ።"

እናቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። "ልነግራት ነበር። አንተ ሜትር ይዘህ ቀደምከኝ።"

ጥድፊያ ከግድግዳው በራቀው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እንግዲህ..." አለች እናቷ። ልጇ እንድትቀጥልላት ጠበቀች። ልጇ አልቀጠለችላትም። እናትየው ፎጣውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ወንድሟ ሜትሩን ለቀቀውና እየተጠቀለለ ሄዶ ከማቀፊያው ጋር ተጋጨ።

"አሞሻል እንዴ?" አላት።

"እየሰማሁ ነው።"

"ዝም ስትዪ ደግሞ ይብስብሻል" አለች እናቷ። ቢሆንም ጀመረች፤ ከጀመረች በኋላም በደንብ ሄደላት። ሠርጉን አነሳች፣ ኪራዩን አነሳች፣ ለጊዜው የሚለውን ቃል ደጋግማ አለች። አልጋሽን ሳሎን እናወጣልሻለን፣ ወንድምሽ የእንጨት መከለያ ይሠራልሻል፣ እንዲያውም ሳሎኑ ፀሐይ አለው። የተስተካከለ ንግግር ነበር፤ የተጣለው ተጥሎ የቀረው ቀርቷል።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

"የቀረ የለም?"

"ምን ይቀራል?"

"ክፍሉን ለእሱ ባትፈልጊው ኖሮስ?"

የእናቷ እጅ ፎጣው ላይ ቆመ። "ይኼን ከየት አመጣሽው?"

"ማሽኑ ያልገባውን የማዳምጠው እኔ ነኝ። ሥራዬ እሱ ነው። ነግሬሻለሁ።"

"ስትነግሪኝ ማን ይከተልሻል? እንደ ባቡር ነው የምታልፊው።"

"የምን ማሽን ነው?" አለ ወንድሟ።

"አንተ ልኬትህን ቀጥል" አለችው እናቱ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ስንቱን ሰማሽ?"

"ሦስቱንም።"

"አራቴ ነው የደወልኩት።"

"አራተኛው አልደረሰኝም።"

"እሱማ ገብቶታል።"

"ምን አልሽው?"

"ውሃ መቼ ይመጣል አልኩት። ነገ አለኝ።"

ወንድሟን ሳቅ አመለጠው፤ ሁለቱም አለመሳቃቸውን ሲያይ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

እናቷ አልጋው ላይ፣ ከጎኗ ሳይሆን ከግርጌው ተቀመጠች። "ሦስተኛውን ልነግርሽ አልነበረም" አለች። "እንዲወጣልኝ ብዬ ነው። ክፍሉን ብቻ ነበር የምነግርሽ። ግን ውሸት ነው በዪ ብትዪኝ አልልም።"

"አላልኩሽም።"

"ዝም ብዬ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም የለውም።"

ጥድፊያ ነገሩን ገለባብጣ አየችው። እቆጣለሁ ብላ ነበር፤ የምታርመው ግን አጣችለት። አጭር ነበር፤ አልተሸፋፈነም፤ እሷም ብትናገረው የምትናገረው እንደዚያው ነበር። ተነሳችና ከራሷ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሻንጣዋን አወረደች።

"ዛሬውኑ?" አለች እናቷ።

"ዛሬ አልተናደድኩም። ነገ እናደድ ይሆናል።"

"የት ልትሄጂ?"

"የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋ። ቤት የሚጋራት ሰው ስትፈልግ ከርማለች።"

እናቷ ቆዪ አላለችም። ከመሳቢያው ሹራብ አውጥታ ማጠፍ ጀመረች፤ ጥድፊያ ከምታጥፈው ይልቅ የእናቷ ይስተካከላል። ወንድሟ ልሸከምልሽ ብሎ ተነሳ።

"ተወው። መስኮቱ ጋ ያለውን ድጋሚ ለካው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ አይደለም።"

"ትመጪያለሽ እንግዲህ፣ ለሠርጉ" አለ።

"የእህት ወንበር ለማን ልትሰጠው ነበር?"

ሻንጣው ሲዘጋ እናቷ የፊት በር ድረስ ተከተለቻት። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ጥድፊያ ጠበቀች። እናቷ ከንፈሯን መልሳ ገጠመች፤ ከዚያ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሬዲዮኑ ሲጠፋ ተሰማ። ጥድፊያ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች፣ በሩንም በእጀታው ስባ ዘጋችው።