በማን ልክ

አናጢ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እንጨት ስቆርጥ አንድ ደንብ አለኝ፤ መጋዝ ከማንሣቴ በፊት የሚገለገልበትን ሰው እለካለሁ። ወንበር ያዘዘኝን አስቀምጬ ጉልበቱን፣ የሥራ ጠረጴዛ ያዘዘኝን አቁሜ ክርኑን። "ግዴለም፣ በግምት ሥራው" የሚለኝን ደንበኛ ወደ ጎረቤቴ አናጢ እሸኘዋለሁ። ደንቤን የጣስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በእግዚአብሔር ቤት።

የቤተ ክርስቲያናችን ምስባክ፣ ሰባኪው መጽሐፉን ዘርግቶ ከኋላው የሚቆምበት ማለቴ ነው፣ ነቀዝ በልቶት መወዛወዝ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ አዲስ ሥራልን አሉኝ። በዚያው ሰሞን መጋቢያችን በዕድሜ ምክንያት ቦታውን ሊለቁ እንደሆነ ይወራ ነበር። እኔ ደግሞ አልፎ አልፎ እሰብካለሁ፤ "አፍህ ማር ነው" ይሉኛል። ልቤ አብጦ ነበር። ለራሴ "እግዚአብሔርን ለማገልገል ነው" እለው ነበር እንጂ የምፈልገው ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ እኔን ሲያይ ማየት ነበር።

መጋቢ አጭር ናቸው፤ ትከሻዬ ድረስ እንኳ አይደርሱም። ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ምስባኩ ላይ ካላሳረፉት መጽሐፍ አይዝላቸውም። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ሜትሬን ይዤ ቤታቸው አልሄድኩም። ሥራ ቦታዬ ያለው መስተዋት ፊት ቆሜ የራሴን ክርን ለካሁ። "እሳቸው ዛሬ ነገ ይለቃሉ፣ እንጨቱ ግን ሠላሳ ዓመት ይቆማል" እያልኩ ሕሊናዬን አባበልኩት።

እሑድ አዲሱ ምስባክ የተሸፈነበት ጨርቅ ሲገለጥ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ መጋቢ ወጥተው ከኋላው ቆሙ። ከአገጫቸው በታች ያለው ሁሉ ጠፋ፤ ጭንቅላታቸው እንጨቱ ላይ የተቀመጠ ዕቃ መሰለ። ልጆች ሳቁ፣ ትልልቆቹም አፋቸውን ያዙ።

"ወንድማችን እንጨት አልሰሰተም" አሉ መጋቢ፣ ራሳቸውም እየሳቁ። ወደ ጎን ወጡና መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ማንበብ ጀመሩ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ገጹ ተገለበጠና ያነቡት የነበረው ጠፋቸው። ቢፈልጉ ቢፈልጉ አላገኙትም። በቃላቸው ትንሽ ተናግረው ተቀመጡ።

ስንወጣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ትከሻዬን መታ አድርጎ "የሚቀጥለውን እሑድ አንተ ስበክ፤ መቼም ልክህ ነው" አለኝ። የተመኘሁት ይኸው መጣ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "በማን ልክ ነው የሠራኸው?" አለችኝ።

"በምስባክ ልክ ነዋ።"

"ምስባክ ክርን አለው እንዴ?"

ቱግ አልኩ። "አንቺ ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ስለ እንጨት አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ" አለችና ልክ ልኬን ነገረችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከ"እንደምን አደርክ" ያለፈ ቃል አልወጣትም።

የመረጥኩት ስብከት ስለ ትሕትና ነበር። እውነቴን ነው። ሦስት ቀን መስተዋቱ ፊት ተለማመድኩት፤ እጄን መቼ ደረቴ ላይ እንደማደርግ ሳይቀር።

ቅዳሜ ከሰዓት ስለ አንድ ጥቅስ ልጠይቃቸው መጋቢ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው "ግባ፣ እየተለማመዱ ነው" አሉኝ። መጋቢ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ግራ ክንዳቸውን በሻርፕ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መጽሐፉን ክንዳቸው ላይ አጋድመው ያነባሉ። መጽሐፉ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

"መጣህ ልጄ? እስቲ እየው፣ እንዲህ ባደርገው አይሻልም?" አሉኝ። "ምስባኩ አንዴ ተሠርቷል፤ መልመድ ያለብኝ እኔ ነኝ። አንተም አይክበድህ፣ ሰው ሲሠራ ይሳሳታል።"

ቢቆጡኝ መልስ ነበረኝ። አለመቆጣታቸው ገደለኝ።

"አልተሳሳትኩም" አልኳቸው።

"እ?"

"አልተሳሳትኩም፣ መጋቢ። በራሴ ልክ ነው የሠራሁት። ቦታዎን ፈልጌ ነው።"

ሻርፑን ከአንገታቸው አወለቁና ተቀመጡ። እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም።

"ለእግዚአብሔርስ ነገርከው?" አሉ በመጨረሻ።

"አልነገርኩትም። ስለ ትሕትና ስዘጋጅ ነው የከረምኩት።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ አብረን ጸለይን። የእኔ ጸሎት አጭር ነበር፣ ማርም አልነበረበትም፤ "በቤትህ ለራሴ ቦታ ስሠራ ነበር፤ ይቅር በለኝ" ነው ያልኩት።

ስንጨርስ መጋቢ ብድግ አሉ። "ሜትር ይዘሃል?"

ሜትር ከአናጢ ኪስ አይጠፋም። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ እስከ ክርናቸው ለካኋቸው።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ምስባኩን ገልብጬ ከግርጌው አንድ ስንዝር ቆረጥኩለት። እሑድ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ያደረግኩትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና ስብከቱን ለመጋቢ ለቅቄ ተቀመጥኩ። የሰብሳቢው ፊት ጠቆረ፤ ለቦታው ስሜን ያነሣ ሰው ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። መጋቢ ግን እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው አንድ ገጽ ሳይጠፋቸው ሰበኩ። እኔ ከዚያ ወዲህ ወንበር እደረድራለሁ፣ የተሰበረውን እጠግናለሁ። ታመው አልጋ ላይ ለዋሉት ምእመናን መመገቢያ ጠረጴዛ እሠራለሁ፤ አንድ በአንድ እየለካሁ።

በዓመቱ መጋቢ ቦታውን ለቀቁ። የተተካው ከመዘምራኑ አንዱ ነው፣ ሎጋ ሰው። አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጥቶ እየተሽኮረመመ "ጎንበስ ብዬ ሳነብ ወገቤን አመመኝ። ልታስረዝምልኝ ትችላለህ?" አለኝ።

ቅናት አልወጋኝም ብል ውሸት ነው። ያንን ቆርጬ ሳልጥለው ያስቀመጥኩትን ስንዝር ከመደርደሪያው ላይ አወረድኩት።

"ይበቃል፣ እሱኑ መልሰህ ግጠመው" አለኝ።

"ቁም፣ መጀመሪያ ልለካህ" ብዬ ተንበረከክኩ።

ክርኑ ከእኔ በአራት ጣት ይበልጣል። ስንዝሩን መልሼ ገጠምኩና በላዩ አራት ጣት ጨመርኩለት።