ሁለት፣ ከዚያ አንድ

ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡት ሽማግሌ ከመለኪያዋ ክፍል ሆነው የእንጨቱን ግድግዳ አንኳኩ። ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ቆዩና አንድ ጊዜ። ለብሼ ጨርሻለሁ፣ ነይና ለኪ ማለታቸው ነው። እኔ ግን መቀሱን ጥዬ በጣቴ አንጓ የስፌት ጠረጴዛዬን መትቼ መለስኩላቸው፤ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። እጄ ነው የመታው እንጂ እኔስ አላሰብኩትም።

በሩን ከፍተው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ስምንት ቁጥር ነሽ?» አሉኝ።

ስድስት ዓመት የታሰርኩበትን ክፍል ቁጥር ለልጄ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

እዚያ ጨለማ ውስጥ በየማለዳው ግድግዳው ይንኳኳ ነበር። ከጎኔ ያለች እስረኛ ናት ብዬ ደመደምኩ። ሴት አደረግኳት፣ «እህቴ» አልኳት። ስትመታ እመታለሁ። እሷ ካልተሰበረች እኔ ምን ቆርጦኝ እሰበራለሁ? እግዚአብሔር አልረሳኝም የምለው በእሷ ነበር። ከወጣሁም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ስጸልይ ከእናቴ ቀጥሎ የማነሳው እሷን ነው።

«አጠገብሽ እስረኛ አልነበረም» አሉ፣ ሱሪው ተረከዛቸው ሥር እየተጎተተ። «የዘብ መተላለፊያ ነው። የማንኳኳው እኔ ነበርኩ። ሌላው አንዴ መትቶ ይተዋል፤ እንደ እኔው ሁለት፣ ከዚያ አንድ የምትመልሺው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

«ለምን?»

«ለዳቦ ቆጠራ ነዋ፣ ልጄ። የመለሰ ይቆጠራል። ያልመለሰውን አውጥተን እንቀብራለን።»

እህቴ ሞተችብኝ፣ ያውም ሳትፈጠር! ሞቼ እንደሆነ የሚያጣራውን ሰውዬ ነው ለካ ይህን ሁሉ ዘመን እህቴ ስል የኖርኩት! የያዝኩትን መርፌ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ብሰካው ደስ ባለኝ። ግን ጎንበስ ብዬ ልኩን በጠመኔ አሰመርኩ።

«ነገ ከሰዓት ይውሰዱት» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ተንበረከክኩ። እናቴን አነሳሁ። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ሆነብኝ። ልዝለለው ብልም እምቢ አለኝ። ያንኳኳው ማንም ይሁን ማን፣ ያኔ ከዚያ ቀዝቃዛ ወለል የምነሳው ለመመለስ ስል ነበር። ይቅር ብያቸው እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስረግማቸው ነው ያደርኩት።

ከሰዓት መጡ። ሱሪውን አጥፌ ሰጠኋቸው፣ ዓይናቸውን ሳላይ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ጠራኋቸው።

«ስምዎን ማን ልበል?»

ደነገጡ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ጠዋት ጠዋት እፈልገዋለሁ» አልኳቸው።