ብላክአውት ይኖራል

የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ መብራት እንዳይጠፋ ማድረግ ቢያቅታቸው «መብራት ጠፋ» የሚለውን አባባል ሊያጠፉ ቆርጠው ተነሡ። እኔ ተርጓሚ ነኝና ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«‹መብራት ይጠፋል› ሲባል ስንፍና ያስመስልብናል» አሉኝ። «ከእንግዲህ ‹ብላክአውት ይኖራል› ነው የምንለው። ዘመናዊ ነው፤ ክብደት አለው።»

«ጌታዬ፣ ቃሉ እኮ የቴአትር ቤት ቃል ነበር» አልኳቸው። «ተመልካቹ ሳያይ ዕቃ ለመቀያየር መድረኩን ያጨልሙታል። በኋላ በጦርነት ጊዜ ከተሞች ከአውሮፕላን ለመሰወር መስኮት ሲሸፍኑ በዚሁ ስም ጠሩት። ደግሞ ራስን መሳትም ማለት ነው፤ ሰው ድንገት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ...»

«አንቺ ደግሞ ነገር ስታበዢ!»

አለቃ ከተናገረ ምን ይባላል? ጻፍኩ። በሬዲዮ ተነበበ፦ «ነገ ጠዋት በምሥራቁ ሰፈር ብላክአውት ስለሚኖር ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።»

የሥራ አስኪያጁ አማት የሚኖሩት እዚያው ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን በነርስነት የጨረሱ ሴት ናቸው፤ ብላክአውት የሚለውንም ቃል የሚያውቁት ከሐኪሞች አፍ ነው። እንደሰሙ በር እያንኳኩ ጎረቤቱን ሁሉ አስጠነቀቁ።

«ነገ ሰው ራሱን ይስታል ተብሏል! ጋዝ ይሁን ውሃው ተበክሎ እንጃ። ቁርሳችሁን በልታችሁ እኔ ዘንድ ኑ፤ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትተኛላችሁ!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ደወሉ። «እናቴ ሳሎን የፎቁ ሰው ሁሉ ተጋድሟል! ምን አድርገሃቸው ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ቀልባቸው ተገፎ፣ እኔን አስከትለው በረሩ። ስንደርስ አሳንሰሩ ቆሟል። ምን ነካው አይባል፤ ብላክአውት ነዋ! ክብደት ያለውን ቃል ያመጡት ሰውዬ የራሳቸውን ክብደት እየጎተቱ ደረጃውን ተያያዙት።

የአማታቸው በር ላይ ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እማማ... መብራት ነው... የጠፋው መብራት ብቻ...» ሳይጨርሱ እላዬ ላይ ተዝለፈለፉ።

አማትየዋ እንደ ምንም አስተኝተዋቸው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ የልብ ትርታቸውን እያዳመጡ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «አላልኳችሁም? ይኸው የመጀመሪያው!»

እኔ ነገሩን ሳስረዳ ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ተቆጣ። ከሁሉ የባሰው እዚያው ፎቅ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር። «መብራት ይጠፋል ቢሉኝ ቀሚሱን ማታውን እጨርሰው አልነበር? የስፌት መኪናዬ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው! ከሰዓት የምትሞሸረዋ ልጅ ምን ትልበስ?» አለ።

ይህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ወዲያው መልሰው ጨፈኑ። ራስን መሳት አንዳንዴ ይጠቅማል።

አማታቸው ግን የዋዛ አይደሉም። «ነቅተሃል ልጄ፤ ትርታህ ይናገራል። ማጥፋቱን እንኳ አጥፋ፤ ግን በሚገባን ቋንቋ ነግረኸን አጥፋ።»

«እሺ እማማ» አሉ፣ እንደተጋደሙ።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ያመጣውን ቀሚስ በእጅ ልንጨርስ መስኮቱ ሥር ተሰበሰብን። ሴቶቹ ዘርፉን፣ እኔ እጅጌውን ያዝን። ሥራ አስኪያጁን አማታቸው መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሰጧቸው። ክሩን በምራቃቸው እያራሱ፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ ብዙ ታገሉ።

«እዚህ ቤት ብርሃን ያንሳል» ብለው አማረሩ።