መርዶ ከቅዳሜ በፊት

ሔዋን ጄኔቫ ሳይኮሎጂ ስታጠና፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ማስተርስ፣ ስለ ሐዘን ያልተፈተነችው ፈተና የለም። ኦ ቪቭ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር፣ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ሆና የሸመደደችው ሁሉ ግን፣ ዙሪክ መጥታ የሳይኮቴራፒ ስልጠና ከጀመረች ወዲህ እንደ ተውሶ ልብስ አልሆናት ብሏል።

አማርኛ ስለምትችል ክሊኒኩ የሰጣት ታካሚ እማማ በቀለች ነበሩ፤ ከዙሪክ ወጣ ብላ ባለችው ረገንስዶርፍ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልባቸው የደከመ ጡረተኛ። የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ሳይቀመጡ፣ "እናቴ ስትሞት ዓመት ሙሉ ደበቁኝ" አሏት። "ደህና ናት ይሉኛል፤ እኔ ሞኟ ሹራብ እየገዛሁ እልክላታለሁ። አንቺም እንደነሱ ከሆንሽ ከአሁኑ ልሂድ።"

"እዚህ ክፍል ውስጥ አልዋሽዎትም" አለች ሔዋን።

ይህን አምነው ሐሙስ ሐሙስ ይመጡ ጀመር።

አንድ ረቡዕ አቶ ታዲዮስ ደወሉ። ዙሪክ ያለ ሐበሻ ሰው ሲሞትበት መርዶ ነጋሪ የሚያሰባስቡት እሳቸው ናቸው።

"የበቀለችን ልጅ፣ ሮቤልን፣ አዲስ አበባ መኪና ገጭቶ ገደለው። እህቷ ከጄኔቫ አርብ ትገባለች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ እንገናኝ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ብቻዋን ሰምታ እንዳትወድቅብን።"

እማማ በቀለች የሔዋን ታካሚ መሆናቸውን አቶ ታዲዮስ አያውቁም፤ የታካሚ ምስጢር ስለሆነ እሷም ልትናገር አይፈቀድላትም። ስልጠናዋን የምትከታተለውን ሐኪም ብትጠይቃት መልሱ አጭር ሆነ፦ "ከጠየቁሽ አትዋሺ።"

ሐሙስ ጠየቁ።

"ሮቤል ስልክ አያነሳም። ከሰሞኑ ጠፋብኝ። ምን ይመስልሻል ልጄ?"

እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ማን ደግፎ ይይዛቸዋል? ሰዓቱ ሲያልቅ ሌላ ታካሚ በር ላይ ይጠብቃል፤ እሳቸው ያንን ተሸክመው ብቻቸውን ባቡር ሊሳፈሩ ነው። መርዶ በአንድ አፍ አይነገርም።

"ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል።"

ፊታቸው ፈካ። "እኔኮ ያንን ቅራቅንቦ ጣለው ብዬዋለሁ! መች ይሰማል? ተባረኪ፤ ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር።"

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ጥቁር የለበሱ ሰዎች የእማማ በቀለችን ደረጃ ሞሉት። ሔዋንም መጣች፤ መቅረት አልሆነላትም። እህታቸው አንኳኳች። እማማ በቀለች ከፍተው ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ፤ ማንም ሳይናገር ገባቸው። በመጨረሻ ዓይናቸው ሔዋን ላይ አረፈ።

"ሐሙስ ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ እማማ።"

ጩኸቱ ያኔ ተነሳ። ሴቶቹ ደግፈው ሲያስገቧቸው ሔዋንም እጇን ዘረጋች፤ እማማ በቀለች የእሷን ብቻ ገፉት።

"ሐዘን ነው፣ አትቀየሚ" አሏት አቶ ታዲዮስ።

ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ያልተከፈተ የአዲስ ስልክ ካርቶን ተቀምጧል፤ በላዩ የሮቤል ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። ለለቀስተኛ ቦታ የምታስለቅቅ አንዲት ሴት ካርቶኑን አንስታ ለሔዋን ሰጠቻት።

"ይቺን እስቲ የሆነ ቦታ አድርጊያት።"

ሔዋን የምታስቀምጥበት አጥታ ይዛው ቆመች።