በመሰላል ያመካኘነው ሞት

በእኛ ቤት ሞት የሚመጣው በመሰላል ነው እንል ነበር። ዘር ማንዘራችን ቀለም ቀቢ ነው። አያታችን ጣሪያ ሲቀባ ወድቆ ሞተ። አባታችን የትምህርት ቤት ኮርኒስ ሲቀባ ወድቆ ሞተ። እናታችን በንዴት የእንጨቱን መሰላል ፈልጣ ማገዶ አደረገችው። እኔና ታናሽ ወንድሜ የብረት ገዛን፤ እግሩን ጎማ አለበስነው፤ እሱም አልበቃ ብሎን ወገባችንን በገመድ ታስረን መሥራት ጀመርን። የሙያ ጓደኞቻችን «በሬ ናችሁ እንዴ የምትታሰሩት?» እያሉ ይሳለቁብን ነበር። ይሳለቁ! በአባታቸው አልደረሰ።

ወንድሜን፣ ሲወጣ ስለሚፈጥን፣ ጦጣው እንለው ነበር። ባለፈው ክረምት የአንድ ሆቴል ግድግዳ ስንቀባ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ነበርን። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አምባረቀ። ድንግጥ አለ። ከዚያ አንገቱ ዘመመ፣ እግሩ ከመሰላሉ ተንሸራተተ፣ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። የሚቀልድ መስሎኝ «ውረድ እንጂ አንተ ጦጣ! ቀለሙ ደረቀ እኮ!» አልኩት። መሰላሉ አልተነቃነቀም። ገመዱም አልተበጠሰም። ወንድሜ መሬት ሳይነካ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የልብ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት እናታችን አላስቀምጥ ብላኝ ነው። ሐኪሟ ስለ ሁሉም ጠየቀችኝ።

«አባትዎ ሲወድቁ ጮኸው ነበር?»

«ኧረ ትንፍሽ አላለም።»

«የሚወድቅ ሰው ይጮኻል» አለች ቀስ ብላ። «አባትዎ ወድቀው አይደለም የሞቱት። ሞተው ነው የወደቁት።»

ልብን የሚያስመታው ኤሌክትሪክ በኛ ዘር እክል አለበት አለችኝ። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረሱም ያለመውረሱም ዕድል እኩል ነው። የወረሰ ሁሉ አይሞትም፤ ግን ለአደጋው የቀረበ ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ ብቻ ልቡን ሊያዛባው ይችላል። እኛ ሞኞቹ ስንት ዘመን መሰላል ስንቀይር ኖርን!

ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው መረመሩኝ። አለብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለራሴ ብዙም አልደነገጥኩም። አንድ ልጅ አለችኝ። ልጄን ገና ስትወለድ መሰላል አታይም ብዬ ምያለሁ፤ የቀለም ቆርቆሮ እንኳ አላስነካኋትም። ከአባቶቿ ሞት አስመለጥኳት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አምና የትምህርት ቤት ደወል አጠገቧ ሲጮህ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ቁርስ ሳትበላ ሄዳ ነው ብለን ተቆጣናት። ይህን ለሐኪሟ ነገርኳት።

እሷንም መረመሯት። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች፤ ያኔ ልጄም እንዳለባት ገባኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ?

«ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ» አለችን ለእኔና ለሚስቴ። «ኪኒኑ ብዙ ይረዳታል። ግን ድንገት አታስደንግጧት። በተለይ እንቅልፍ ላይ ስትሆን።»

ሚስቴ እቤት እንደገባን የበሩን ደወል ነቀለች። የሚጮኸውን ሰዓት ለጎረቤት ሰጠች። እኔ ሳስነጥስ መንደሩ የሚባንን ሰው፣ አፌን በትራስ አፍኜ ማስነጠስ ጀመርኩ።

ዛሬ ጠዋት የትምህርት ሰዓት እየረፈደ ልጄ አልተነሳችም። ድሮ ቢሆን ከሳሎን ሆኜ «ተነሺ አንቺ እንቅልፋም!» ብዬ አምባርቅባት ነበር። አሁን አልጋዋ አጠገብ ቆሜያለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ይበል አይበል ማየት አቃተኝ። ተንበርክኬ እጄን ወደ ትከሻዋ ዘረጋሁ፤ ቀዝቃዛ ጣቴ ያስደነግጣት ይሆን ብዬ መለስኩት። ብጠራት ልገድላት እችላለሁ። ካልጠራኋት መኖሯን አላውቅም። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ተነሳች?» አለች ሚስቴ ከበሩ ላይ በሹክሹክታ።

«ገና አልጠራኋትም» አልኳት።